ከዊንዘር እስከ ባዝ በብስክሌት፦ የእንግሊዝን ገጠር በአራት ቀን

እንግሊዝ ውስጥ ጉልበት የማይጨርስ ረጅም የብስክሌት ጉዞ ካማራችሁ ቦይ ተከተሉ። ከሬዲንግ እስከ ባዝ የተዘረጋ አሮጌ የጀልባ ቦይ አለ፤ ኬኔት ኤንድ ኤቨን ይባላል። ጀልባ ዳገት አይወጣም። ስለዚህ ቆፋሪዎቹ ደልዳላውን መሬት እየመረጡ ነው የሄዱት። በዳሩ ደግሞ ጀልባ የሚጎትቱ ፈረሶች ይመላለሱበት የነበረ መንገድ አለ። ዛሬ ያንን መንገድ እግረኛና ብስክሌተኛ ይጋሩታል። መኪና የለም፤ ዳገትም ከስንት አንዴ ነው።

የማሳያችሁ መስመር ከዊንዘር ተነስቶ ባዝ ላይ ያልቃል። በየትኛው በኩል እንደምትታጠፉ ይለያያል እንጂ ከ160 እስከ 180 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ለጎበዝ የሁለት ቀን መንገድ ነው። እኔ ግን አራት ቀን እላለሁ። መንገዱ ላይ የሚታየው ብዙ ነው፤ በሩጫ ለማለፍ ከሆነማ ባቡሩ ይሻላል።

ይህን መስመር የመረጥኩበት ሌላም ምክንያት አለ። በሁለቱም ጫፎቹ ላይ የእኛው ታሪክ አለ። ዊንዘር ላይ ልዑል ዓለማየሁ ተቀብሯል። ባዝ ላይ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የስደት ዘመናቸውን አሳልፈዋል። ለንደን ለሚኖር ሐበሻም ሆነ ከአሜሪካ፣ ከእስራኤል ወይም ከአዲስ አበባ ለጉብኝት ለሚመጣ ሰው ጥሩ ሰበብ ነው። ዓመቱን፣ ወሩንም ሰዓቱንም የምጽፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

1. ወቅቱን ምረጡ

ከሜይ እስከ ሴፕቴምበር ሂዱ። ጁን ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 9 ሰዓት አልፎ ነው። መንገድ ብትስቱም፣ ጎማ ቢተነፍስባችሁም ሳይመሽ ትደርሳላችሁ። ዲሴምበር ላይ ግን ከቀኑ 4 ሰዓት ገደማ ፀሐይ ትጠልቃለች፤ የቦዩ ዳርም ጭቃ በጭቃ ይሆናል።

ብዙ ሰው የማያስበው ነገር ደግሞ እሾህ ነው። የእንግሊዝ ማሳ በቁጥቋጦ አጥር የተከፋፈለ ነው፤ አጥሩም እሾሃም ነው። ገበሬዎች ከማርች 1 እስከ ኦገስት 31 አጥራቸውን እንዲከረክሙ አይፈቀድላቸውም፤ ወፍ የሚፈለፈልበት ጊዜ ስለሆነ። ክርከማው ከሴፕቴምበር ጀምሮ ነው። ያኔ ቁርጥራጩ እሾህ መንገዱ ላይ ይበተናል። በእነዚያ ወራት ጎማ እየተነፈሰ መከራ የሚያሳየው ይኸው ነው።

ነፋሱም አለ። አብዛኛውን ጊዜ የሚነፍሰው ከደቡብ ምዕራብ ነው። ከዊንዘር ወደ ባዝ ስትሄዱ ፊት ለፊት ትገጥሙታላችሁ። ነፋስ የሚያማርራችሁ ከሆነ ጉዞውን ገልብጡትና ከባዝ ጀምሩ። እኔ በምዕራብ አቅጣጫ መሄዱን የምመርጠው ጥርጊያው የተሻለው መንገድ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ ነው። በዚያ ላይ ኬን ሂል የሚባለውን ትልቁን ቁልቁለት በመውጣት ፈንታ በመውረድ ታልፉታላችሁ።

2. ብስክሌቱን አዘጋጁ

ውድ ብስክሌት አያስፈልግም። ቀጭን የውድድር ጎማ ግን አይሆንም። ቦዩ ዳር ጠጠር፣ አፈር፣ የዛፍ ሥርና ሣር አለ። ስፋቱ ከ35 እስከ 40 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ እሾህ የሚቋቋም ጠንካራ ጎማ ግጠሙ። ፓራፋንጎ ይኑረው፤ አለበለዚያ የረገጣችሁት ጭቃ ሁሉ ጀርባችሁ ላይ ነው። ደወል የግድ ነው።

ዕቃችሁን ጀርባችሁ ላይ አትሸከሙ። ከኋላ መጫኛ ይገጠምና ሁለት የጎን ቦርሳ ይንጠልጠልበት። ጀርባችሁ ያመሰግናችኋል። የቦርሳው ውስጥ ነገር ሁሉ በላስቲክ ይጠቅለል፤ ዝናብ አይዘንብም የሚላችሁን እንግሊዛዊ ራሱም ቢሆን አትመኑ።

የምትይዙት መሣሪያ ጥቂት ነው፦ ሁለት መለዋወጫ የውስጥ ጎማ፣ የጎማ ማላቀቂያ፣ መለጠፊያ፣ ትንሽ መንፊያ፣ የመፍቻ ስብስብ፣ ጠንካራ የብረት ቁልፍ፣ የፊትና የኋላ መብራት። ጎማ ቀይራችሁ የማታውቁ ከሆነ ከመሄዳችሁ በፊት ቤት ውስጥ ሁለት ሦስቴ ተለማመዱ። በሦስተኛው ቀን በምታልፉበት በፒውዚ ሸለቆ መካከል ጎሚስታ የለም።

ስስ ረጅም ሱሪም ያዙ። ጁንና ጁላይ ላይ ሳማው በየዳሩ አድጎ ወደ መንገዱ ይዘነበላል። የእንግሊዝ ሳማ ከእኛው አይተናነስም። ማታ ማታ እግራችሁን መዥገር እንዳልያዘው እዩ፤ በዚያ አገር በመዥገር የሚተላለፍ በሽታ አለ።

3. ምልክቱን መከተል

ይህ መስመር የእንግሊዝ ብሔራዊ የብስክሌት መንገድ ቁጥር 4 አካል ነው። ቁጥር 4 ከለንደን ተነስቶ ዌልስ ውስጥ እስካለው ፊሽጋርድ ወደብ ይዘልቃል። ምልክቱ ሰማያዊ ሰሌዳ ነው፤ ነጭ ብስክሌት ተሥሎበታል፤ በቀይ ሣጥን ውስጥ 4 ተጽፎበታል። አንዳንዴ ሰሌዳ ሳይሆን የመብራት ምሰሶ ላይ የተለጠፈች ትንሽ ወረቀት ብቻ ታገኛላችሁ። ስለዚህ መስቀለኛ መንገድ ላይ ቀስ በሉ።

ምልክቱን ብቻ አምናችሁ አትሂዱ። ካርታውን ስልካችሁ ላይ አስቀድማችሁ አውርዱ፤ ሸለቆው ውስጥ ኔትወርክ የሚጠፋባቸው ቦታዎች አሉ። ወረቀት ለምትወዱ፣ ኦርድናንስ ሰርቬይ የተባለው የአገሩ የካርታ ድርጅት የሚያሳትማቸው የላንድሬንጀር ካርታዎች ከሁሉ ይበልጣሉ። ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ቁጥር 175፣ 174፣ 173 እና 172 መስመሩን ይሸፍኑታል።

አንድ ነገር ለዩ። ገጠር ውስጥ ቢጫ ቀስት ካያችሁ መንገዱ የእግረኛ ነው፤ ብስክሌት አይነዳበትም። ሰማያዊ ቀስት ደግሞ የፈረስ መንገድ ነው፤ ብስክሌት ከ1968 ጀምሮ በሕግ ተፈቅዶለታል፤ ለእግረኛና ለፈረሰኛ ቅድሚያ መስጠት ግን ግዴታ ነው። ስልካችሁ ቢጫውን መንገድ "አቋራጭ" ብሎ ሊያሳያችሁ ይችላል። አትስሙት።

4. ሕጉና ሥነ ሥርዓቱ

በግራ ነው የሚነዳው። ከኢትዮጵያም ከአሜሪካም ለሚመጣ ሰው አደጋው ያለው ጠዋት ስትነሱና ከእረፍት በኋላ ነው። ያኔ እጃችሁ በልማድ ወደ ቀኝ ይወስዳችኋል። መንገድ ስትገቡ መጀመሪያ ወደ ቀኝ እዩ። አደባባይ የሚዞረው እንደ ሰዓት ቆጣሪ ነው። የብስክሌቱ የፊት ፍሬን ደግሞ በቀኝ እጅ በኩል ነው፤ አሜሪካ ለለመደ ተቃራኒው ነው። የተከራያችሁትን ብስክሌት መጀመሪያ ባዶ ቦታ ላይ ሞክሩት።

ሲመሽ ከፊት ነጭ፣ ከኋላ ቀይ መብራት ግዴታ ነው። ሄልሜት በሕግ ግዴታ አይደለም፤ አድርጉት ግን። የእግረኛ ጠርዝ ላይ መንዳት አይፈቀድም። ሰክሮ ብስክሌት መንዳትም ያስቀጣል፤ ፐብ የሚሉት መጠጥ ቤት በየመንደሩ ስላለ ነው ይህን የማነሳው። ድንገተኛ አደጋ ቢደርስ 999 ነው የሚደወለው።

ቦዩ ዳር ላይ ሌላ ዓይነት ሥነ ሥርዓት አለ። መንገዱ ጠባብ ነው፤ በአንድ በኩል ውሃ፣ በሌላው ቁጥቋጦ። ሰው ስታዩ ከሩቅ ሁለቴ ደውሉ፣ ፍጥነት ቀንሱ፣ "ሞርኒንግ" በሉ። ለእነሱ ሰላምታ ሳይሰጡ ማለፍ ነውር ነው፤ በዚህ ነገር ገጠሩ ከከተማው ፍጹም ይለያል። ድልድይ ሥር መንገዱ ይጠብና ይታጠፋል፤ ከወዲያ ማን እንደሚመጣ አይታይም። ወርዳችሁ ግፉ። መሬት ላይ ጀልባ የታሰረባቸው ካስማዎችና ገመዶችም አሉ። ጀልባዎቹ የሰው ቤት ናቸው፤ ዓመቱን ሙሉ የሚኖሩባቸው ብዙ ናቸው። በመስኮት አታጮልቁ። ፈረስ ካጋጠማችሁ ደወሉን ተዉትና በድምፅ ተጣሩ፤ ፈረሱ እንዳይደነብር። የከብት በር ከፍታችሁ ካለፋችሁ እንዳገኛችሁት አድርጋችሁ ተዉት።

5. የመጀመሪያው ቀን፦ ዊንዘር እስከ ሬዲንግ፣ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ

ዊንዘር ከለንደን በባቡር ይደረሳል። ከዋተርሉ ቀጥታ አለ፤ ከፓዲንግተን ደግሞ ስላው ላይ ቀይራችሁ ትገባላችሁ። ሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት ላይ የማይታጠፍ ብስክሌት የማይቀበሉ ባቡሮች ስላሉ ሰዓቱን አስቀድማችሁ እዩ።

ከሁሉ በፊት የነገሥታቱ መኖሪያ በሆነው በዊንዘር ግንብ ውስጥ ያለውን የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ጸሎት ጎብኙ። እዚህ ላይ ዕቅድ ይፈልጋል። ግንቡ ማክሰኞና ረቡዕ ለጎብኚ ዝግ ነው። ቤተ ጸሎቱ ደግሞ እሑድ ለጎብኚ አይከፈትም፤ ለጸሎት ግን ለማንም ክፍት ነው። ስለዚህ ሰኞ፣ ሐሙስ፣ ዓርብ ወይም ቅዳሜ ላይ አውሉት፤ ድረ ገጹንም ተመልከቱ። ትልልቅ ቦርሳ ይዞ መግባት ስለማይቻል፣ ከዋዜማው ዊንዘር አድሮ ዕቃን ማደሪያው ላይ ትቶ መሄድ ይቀላል።

ዓለማየሁ የአፄ ቴዎድሮስ ልጅ ነው። በ1868 መቅደላ ስትወድቅ የሰባት ዓመት ገደማ ልጅ ነበር፤ የእንግሊዝ ጦር ይዞት መጣ። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ መንገድ ላይ አረፉ። ልጁ በቸልተናምና በራግቢ ትምህርት ቤት፣ ኋላም በሳንድኸርስት ወታደራዊ ኮሌጅ ገባ። ኖቬምበር 14 ቀን 1879 ሊድስ ውስጥ በሳንባ ሕመም ሲሞት 18 ዓመቱ ነበር። ንግሥት ቪክቶሪያ እዚህ እንዲቀበር አደረጉ። ውስጥ ግድግዳው ላይ የናስ ጽሑፍ አለ። "እንግዳ ሆኜ ተቀብላችሁኛልና" የሚለው የማቴዎስ ወንጌል ቃል ተቀርጾበታል። ማን በማን ፈቃድ እንግዳ እንደሆነ አለመጻፉ እኔን ሁሌም ያናድደኛል። አጽሙ ለአገሩ ይመለስ የሚል ጥያቄ በየጊዜው ቀርቧል፤ በ2023 ቤተ መንግሥቱ የሌሎችን አጽም ሳይረብሹ ማውጣት አይቻልም ብሎ መልሷል። ጥሩ ሰዓት ስጡት። የዛሬው መንገድ አጭር ነው።

ከዚያ ቴምዝን ተሻገሩ። ዊንዘርንና ኢተንን የሚያገናኘው ድልድይ ለመኪና ዝግ ነው። ማዶው ላይ በ1440 የተቆረቆረው ኢተን ኮሌጅ አለ። ብሬይና ሜይደንሄድን አልፋችሁ በገጠር መንገድ ወደ ሬዲንግ ትገባላችሁ። ሬዲንግ ላይ ንጉሥ ቀዳማዊ ሄንሪ በ1121 የመሠረቱት ገዳም ፍርስራሽ መሐል ከተማ አለ፤ እሳቸውም እዚያው ነው የተቀበሩት። የቀረው ከተማ ቢሮና ገበያ ነው። እደሩና ሂዱ።

6. ሁለተኛው ቀን፦ ሬዲንግ እስከ ሀንገርፎርድ፣ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ

ዛሬ ቦዩን ትይዛላችሁ። የመጀመሪያዎቹ ኪሎ ሜትሮች የከተማ ዳርቻ ናቸው፤ ትልቁ አውራ ጎዳና ጫጫታው ይሰማል። ታገሱ። ቲል የምትባለውን ከተማ ስታልፉ ጸጥ ይላል።

ሎክ የሚባለውን ነገር እዚህ ቆማችሁ እዩ። ከላይና ከታች በር ያለው የድንጋይ ገንዳ ነው። ጀልባዋ ትገባለች፤ በር ይዘጋል፤ ውሃ ይለቀቃል፤ ጀልባዋ ቀስ እያለች ወደ ላይ ትነሳለች። ያለ ሞተር፣ ያለ መብራት፣ በሰው ጉልበት ብቻ የሚሠራ የውሃ ደረጃ በሉት። በሩን ሲገፉ ካያችሁ እጃችሁን አበድሩ፤ ወሬውም ሻዩም ይከተላል።

በየመንገዱ ሳር የለበሱ የሲሚንቶ ምሽጎች ታያላችሁ። በ1940 ጀርመን ይወርረናል ተብሎ ሲፈራ፣ ቦዩን እንደ መከላከያ መስመር ለመጠቀም ነው የተሠሩት። ልብ በሉ፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከባዝ ተነስተው በግብፅ በኩል ወደ ሱዳን ያቀኑት በዚያው ዓመት አጋማሽ ነው።

ኒውበሪ ላይ ምሳ ብሉ። በእንግሊዝ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ በ1643 እና በ1644 ሁለት ጊዜ የተዋጉባት ከተማ ናት። ከኒውበሪ በኋላ ቁጥር 4 አንዳንድ ቦታ ከቦዩ ወጥቶ ጠባብ የገጠር አስፋልት ይይዛል። ተከተሉት። ቦዩ ዳር ሁሉ ለብስክሌት አይመችም፤ አውጪዎቹ ያወጡት በምክንያት ነው። ዝናብ ከዘነበ ደግሞ ያለ ጥያቄ አስፋልቱን ምረጡ።

7. ሦስተኛው ቀን፦ ሀንገርፎርድ እስከ ዲቫይዝስ፣ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ

የጉዞው ልብ ይህ ቀን ነው። በጠዋት ተነሱ።

ከግሬት ቤድዊን መንደር ትንሽ አለፍ ብሎ ክሮፍተን የውሃ መሳቢያ ጣቢያ አለ። ይህ ስፍራ የቦዩ ከፍተኛው ነጥብ አጠገብ ነው። ጀልባ በሎክ ባለፈች ቁጥር ውሃ ወደ ታች ይሄዳል። ከፍታው ላይ ደግሞ በቂ ምንጭ የለም። ስለዚህ ውሃውን ወደ ላይ መሳብ ግድ ሆነ። በ1812 የተተከለው የእንፋሎት ሞተር እስከ ዛሬ በቦታው አለ፤ ይሠራልም። በተወሰኑ ቀናት እሳት ያነዱለትና ያስነሱታል። ቀኑ ከገጠማችሁ ሌላውን ሁሉ ሰርዛችሁ ግቡ።

ከክሮፍተን በኋላ ቦዩ ብሩስ በሚባል 459 ሜትር ዋሻ ውስጥ ይገባል። ዋሻው ውስጥ የእግር መንገድ የለም። በጥንቱ ጊዜም ፈረሶቹ ተፈትተው በላይ በኩል ይሄዱ ነበር። እናንተም እንደ ፈረሶቹ በላይ ነው።

ቀጥሎ ዉተን ሪቨርስ ናት፤ የሣር ክዳን ቤቶች ያሏት መንደር። የቤተ ክርስቲያኗን ሰዓት ቀና ብላችሁ እዩ። በአንዱ ፊት ላይ በቁጥር ፈንታ ፊደላት ነው ያሉት፤ ሲነበቡ "ክብር ለእግዚአብሔር ይሁን" ይላሉ። በ1911 ለንጉሥ ጆርጅ አምስተኛ ዘውድ መታሰቢያ ከመንደርተኛው ከተለቀመ ቁርጥራጭ ብረት ነው የተሠራው፤ አሮጌ ብስክሌትም ገብቶበታል።

ከዚች መንደር በኋላ እስከ ዲቫይዝስ ድረስ በ24 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ አንድም ሎክ የለም። ውሃው ሙሉ ለሙሉ ሜዳ ላይ ይተኛል። በስተቀኝ የኖራ ድንጋይ ኮረብታዎች ይከተሏችኋል። ኦልተን ባርንስ ላይ አፈሩን ገፍፈው በነጩ ድንጋይ ላይ የቀረጹት ግዙፍ ፈረስ ከሩቅ ይታያል፤ በ1812 ነው የተቀረጸው። ምልክቱ እዚህም ከቦዩ እያወጣ በመንደሮቹ መሐል ይወስዳችኋል፤ ቦዩን ብቻ ሙጭጭ ካላችሁ ግን አንዳንዱ ቦታ ሣር ላይ መንገጫገጭ ነው።

አንድ ተጨማሪ ቀን ካላችሁ ከዉተን ሪቨርስ ቀጥላ ባለችው ፒውዚ እደሩና ኤቭበሪን ሂዱ። ከኦልተን ባርንስ ኮረብታውን ወጥታችሁ በሎከሪጅ በኩል ወደ 15 ኪሎ ሜትር ነው። ይህ ዳገት የምር ዳገት ነው፤ ወርዶ መግፋት አያሳፍርም። ኤቭበሪ በዓለም ትልቁ የድንጋይ ክብ ነው። ከ4,000 ዓመት በላይ ዕድሜ አለው፤ መንደሩ ራሱ ክቡ ውስጥ ነው ያለው፤ ፐብ ሳይቀር። ሌላው ዝነኛ የድንጋይ ክብ ስቶንሄንጅ በገመድ ከሩቅ ሲታይ፣ እዚህ ድንጋዩን መደገፍ ትችላላችሁ። መግቢያ አይከፈልም። በጎቹ ግን ይገፏችኋል። በአካባቢው ሲልበሪ የሚባል በሰው እጅ የተከመረ ኮረብታ አለ፤ መውጣት ክልክል ነው። ዌስት ኬኔት የሚባለው፣ በዕድሜ ከዚያም የሚበልጥ ጥንታዊ መቃብር ውስጥ ግን መግባት ይቻላል። እኔ ብጠየቅ ከስቶንሄንጅ ኤቭበሪን እመርጣለሁ።

ዲቫይዝስ ባቡር የላትም፤ ጣቢያዋ በ1966 ተዘግቷል። ጉልበት የሚከዳችሁ ከመሰላችሁ ውሳኔው ፒውዚ ላይ ነው። በሌላው መንገድ ሁሉ ባቡሩ ቅርብ ነው፤ ቲል፣ ኒውበሪ፣ ኪንትበሪ፣ ሀንገርፎርድ፣ ቤድዊን፣ ፒውዚ ጣቢያ አላቸው።

8. አራተኛው ቀን፦ ዲቫይዝስ እስከ ባዝ፣ 35 ኪሎ ሜትር ገደማ

ከከተማው እንደወጣችሁ ኬን ሂል ይመጣል። እዚህ መሐንዲሱ ጆን ሬኒ መሸሻ አላገኘም። ቦዩ በሦስት ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ 72 ሜትር መውረድ ነበረበት። 29 ሎክ ሠራ፤ ከእነዚህ 16ቱ ቁልቁለቱ ላይ ቀጥ ብለው ተሰድረዋል። ጀልባ ሁሉንም ለማለፍ አምስት ስድስት ሰዓት ይፈጅባታል። እናንተ በጥቂት ደቂቃ ትወርዳላችሁ። ፍሬናችሁን ግን ያዙ፤ ሕፃንና ውሻ ይበዛል።

የቦዩ ታሪክም እዚሁ ቦታ ላይ ይገናኛል። ሥራው አልቆ በ1810 ተከፈተ። በ1841 ከለንደን ብሪስቶል የሚደርሰው ባቡር ሲጀምር ጭነቱ ሁሉ ወደ ባቡር ሄደ። ቦዩ ቀስ በቀስ ሞተ፤ ሎኮቹ ፈረሱ፤ ሣር በቀለባቸው። ያዳኑት በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ ለዓመታት በአካፋ ጭቃ እየዛቁ። በኦገስት 1990 ንግሥት ኤልሳቤጥ እዚሁ ኬን ሂል መጥተው እንደገና ከፈቱት።

ከዚህ በኋላ ጥርጊያው ያማረ ነው። ብራድፎርድ ኦን ኤቨን ላይ ከ14ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የቆመ ግዙፍ የእህል ጎተራ አለ፤ ከቦዩ ጥቂት ሜትር ነው። የጣሪያውን እንጨት ገብታችሁ እዩ። እዚያው ከተማ ውስጥ ከኖርማኖች በፊት የተሠራች ትንሽ የሳክሰን ቤተ ክርስቲያን አለች። ከዚያ ኤቨንክሊፍና ዳንዳስ ላይ ቦዩ ራሱ በድንጋይ ድልድይ ወንዙን ይሻገራል። ጀልባ ከበላያችሁ በአየር ላይ ስታልፍ የምታዩት እዚህ ነው። ቅዳሜና እሑድ ይህ መንገድ ይጨናነቃል፤ በሳምንቱ መሐል ብታደርጉት ሰላም ታገኛላችሁ።

ባዝ ስትገቡ ሁሉ ነገር በአንድ ዓይነት የማር መልክ ባለው ድንጋይ የተሠራ ነው። ፍልውሃው 46 ዲግሪ ነው፤ ሮማውያን መታጠቢያ ሠሩበት። እሱን ለነገ አቆዩትና በቀጥታ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ወደኖሩበት ቤት፣ ወደ ፌርፊልድ ሂዱ። የወንዙን ዳር ይዛችሁ ወደ ምዕራብ፣ ኒውብሪጅ ወደሚባለው ሰፈር ነው። ቤቱ ኬልስተን መንገድ ላይ ነው፤ የመጨረሻዋ ዳገት እሷ ናት።

ንጉሡ በጁን 1936 መጨረሻ ጄኔቭ ላይ ለዓለም መንግሥታት ማኅበር ንግግራቸውን አደረጉ። ሰሚ አጡ። በዚያው ዓመት ይህን ቤት ገዝተው ከቤተሰባቸው ጋር እስከ 1940 ኖሩበት። ድል ካደረጉ በኋላም ከተማዋን አልረሷትም፤ በ1954 መጥተው የክብር ዜግነት ተቀበሉ፤ በ1958 ቤቱን ለአረጋውያን አገልግሎት እንዲውል ለከተማዋ ሰጡ። ዛሬም ለዚያው ያገለግላል። በየቀኑ ለጎብኚ ስለማይከፈት የመክፈቻውን ቀን አስቀድማችሁ እወቁ። አዛውንት የሚሰበሰቡበት ቦታ ነውና ለፎቶ ፈቃድ ጠይቁ።

በማግስቱ እግራችሁ ካልደከመ፣ ባዝ ላይ በ2013 የተከፈተ ሁለት የድሮ የባቡር ዋሻ የሚያልፍ 21 ኪሎ ሜትር ዙር አለ። ኮም ዳውን የሚባለው ዋሻ ብቻውን ከ1,600 ሜትር ይበልጣል። ውስጡ በበጋም ይቀዘቅዛል፤ ጃኬት ልበሱ።

9. ምግብና ማደሪያ

ማደሪያ ለጁላይና ለኦገስት ቀደም ብላችሁ ያዙ። ብስክሌት የሚቆለፍበት ክፍል መኖሩን ጠይቁ። ድንኳን ይዛችሁ ያገኛችሁበት ማደር በእንግሊዝ ያለ ባለመሬቱ ፈቃድ አይቻልም፤ የካምፕ ቦታ ፈልጉ።

የፐብ ወጥ ቤት ብዙ ጊዜ ከምሳ በኋላ ይዘጋና ምሽት 6 ሰዓት ገደማ ይከፈታል። እሑድ ማታ ጨርሶ የማያበስሉ አሉ። ትልልቅ ሱፐርማርኬቶችም እሑድ ክፍት የሚሆኑት ለስድስት ሰዓት ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ስንቅ ያዙ። በሶና ቆሎ ለዚህ ጉዞ የተፈጠሩ ናቸው፤ አይበላሹም፣ ቦታ አይይዙም፣ ከሱቅ የኃይል ብስኩት በላይ ያቆማሉ። የሐዋርያትና የፍልሰታ ጾም ጉዞው በሚያምርበት ወቅት ላይ ይውላሉ። ጾመኛ አይቸገርም፤ ምግብ ዝርዝሩ ላይ "ቪገን" የሚለውን ምልክት ፈልጉ። ቅቤና ወተት አለመግባቱን ግን አንዴ ጠይቁ። የቧንቧ ውሃ ይጠጣል፤ ፐብ ውስጥ ለደንበኛ በነጻ ይሰጣል።

10. መመለስ

ከባዝ ወደ ለንደን ፓዲንግተን ፈጣን ባቡር አለ። ብስክሌት በነጻ ይጫናል፤ ቦታው ግን ጥቂት ነው። ትኬት ስትቆርጡ የብስክሌት ቦታም አብራችሁ አስይዙ። ማስቀመጫው ብስክሌቱን ቁመቱን አንጠልጥሎ የሚይዝ ጠባብ ቁም ሣጥን ነው። የጎን ቦርሳውን ባቡሩ ከመድረሱ በፊት መድረኩ ላይ አውልቁት። የብስክሌቱ ቦታ ያለበትን ፉርጎ የጣቢያውን ሠራተኛ ጠይቃችሁ እዚያው ፊት ለፊት ቁሙ፤ ባቡሩ ባዝ ላይ የሚቆመው ለአፍታ ነው።